ምክር ከዚህ፣ ግዢ ከዚያ

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ጫማና ስለ ድንኳን ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ደስ ብሎኛል።

የተሰጠኝ ርዕስ ጥያቄ ነው። ለተራራ ጉዞ፣ ለካምፕ፣ ለዓሣ ማጥመድ የሚሆን ዕቃ ስንፈልግ ከግዙፎቹ ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብሮች እንግዛ ወይስ ከትንሹ ሱቅ? ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ ቀድሞ የተዘጋጀ መልስ አለው። አንዱ "ትንሹን ሱቅ መደገፍ አለብን" ይላል፣ እንደ ጽድቅ ሥራ። ሌላው "ርካሹ የት ነው?" ብሎ ይገላገላል። ሁለቱም አይጥሙኝም። የመጀመሪያው ገዢን በጎ አድራጊ ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ ዕቃ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያስባል።

እስቲ ጥያቄውን ትንሽ ላዙረው። ከአንድ ሱቅ የተራራ ጫማ ስትገዙ የከፈላችሁት ለምንድን ነው? ለቆዳውና ለሶሉ ብቻ ነው? ወይስ እግራችሁን ለክቶ፣ ሁለት ጫማ አስወልቆ፣ ሦስተኛውን "ይሄ ይሆናችኋል" ላለው ሰው ጊዜም ጭምር? ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ጫማው ብቻ ነው። የለካችሁ ሰው እውቀት የትም አይጻፍም። ዛሬ የማወራው ነገር ሁሉ ከዚህ ከማይጻፈው ነገር የሚነሳ ነው።

ከታሪኩ ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ብዙዎቻችን ትልቁ መደብር ከሆነ ቦታ መጥቶ ትንሹን ሱቅ የዋጠ ይመስለናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ዛሬ ግዙፍ የምንላቸው መደብሮች አብዛኞቹ ራሳቸው ሚጢጢ ሱቅ ነበሩ። እንዲያውም አንዳንዶቹ የተወለዱት የሰፈሩ ሱቅ ደንበኛውን ስላበሳጨ ነው።

የአር.ኢ.አይ.ን፣ የአሜሪካውን ግዙፍ የተራራና የካምፕ ዕቃ መደብር ነገር ተመልከቱ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ሎይድ አንደርሰን የሚባል የሲያትል ተራራ ወጪ ጥሩ የበረዶ መጥረቢያ ይፈልጋል። በአካባቢው የሚሸጠው ዋጋው አልጣመውም፣ ጥራቱም አላረካውም። ከኦስትሪያ በፖስታ አዘዘ፤ በጣም ባነሰ ዋጋ እጁ ገባ። ጓደኞቹ ይህን ሲያዩ "ለእኛም እዘዝልን" አሉት። በ1938 እሱና ባለቤቱ ሜሪ ከ21 ተራራ ወጪ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የሸማቾች ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ያ ማኅበር ከ20 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። እንግዲህ አሁን ትንሹን ሱቅ ይጎዳል ተብሎ የሚታማው መደብር የተጀመረው፣ በጊዜው የነበረው ሱቅ ተገቢውን ዕቃ በተገቢው ዋጋ ስላላቀረበ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል። የዚህ ማኅበር የመጀመሪያ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ጂም ዊታከር ይባላል። ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። በ1963 ኤቨረስት ጫፍ ላይ የወጣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። ስለ ገመድ ልትጠይቁ ወደ ሱቁ ስትገቡ የሚመልስላችሁ እሱ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሻጭ ያለው ሱቅ ማስታወቂያ ምን ያደርግለታል?

ዲክስ የሚባለው የአሜሪካ የስፖርት ዕቃ መደብር ታሪክም ከዚህ ብዙም አይርቅም። በ1948 በኒው ዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን ከተማ ዲክ ስታክ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ የወታደር ትርፍ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። አለቃው "የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ እንሽጥ ብንል ምን ምን ያስፈልገናል?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ ዝርዝሩን ሠርቶ አመጣ። አለቃው ዝርዝሩን አጣጥሎ መለሰበት። ልጁ ተናዶ ሥራውን ለቀቀ። አያቱ ከብስኩት ማስቀመጫቸው 300 ዶላር አውጥተው ሰጡትና የራሱን ሱቅ ከፈተ። ዛሬ ዲክስ በመላው አሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ መደብሮች አሉት። ያ አለቃ ዝርዝሩን ደግሞ ቢያነበው ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ጆኒ ሞሪስ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ዕቃ መደብሩን ባስ ፕሮን በ1972 የጀመረው በሚዙሪ ግዛት ስፕሪንግፊልድ፣ በአባቱ መጠጥ መሸጫ ውስጥ በአንዲት ጥግ ነው። የካቤላስ መደብር መሥራች ዲክ ካቤላ ደግሞ በ1961 በነብራስካ ግዛት በምትገኝ ቻፔል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዝንብ የሚመስሉ የዓሣ ማጥመጃዎችን በጋዜጣ ማስታወቂያ መሸጥ ጀመረ። በፈረንሳይ ዴካትሎን በ1976 ሊል አጠገብ አንድ መደብር ብቻ ሆኖ ተከፈተ። ሐሳቡ የስፖርት ዕቃን ሁሉ ከአንድ ጣሪያ ሥር ማግኘት ነበር። ሁሉም የጀመሩት ከዕቃው ጋር ፍቅር በያዛቸው ሰዎች ነው። ይህን የምለው ትልቅ መሆን በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ እንድንግባባ ነው።

አሁን ወደ ዋጋ እንምጣ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ መደብር ርካሽ ነው ሲባል እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው። ሺህ ድንኳን በአንዴ የሚያዝ መደብርና ስድስት ድንኳን የሚያዝ ሱቅ ከፋብሪካው ፊት እኩል አይቆሙም። አሜሪካ ውስጥ ይህን ለማስተካከል በ1936 ሮቢንሰን ፓትማን የሚባል ሕግ ወጥቶ ነበር። አንድ ሻጭ ያንኑ ዕቃ ለተፎካካሪ ነጋዴዎች ውድድርን በሚጎዳ ዋጋ አለያይቶ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ዛሬም አለ። ግን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲጠቀሙበት እምብዛም አልታየም። ደግሞም ብዛትን ተከትሎ የሚመጣ እውነተኛ የወጪ ቅናሽ ካለ ይፈቅዳል። ስለዚህ ትንሹ ሱቅ በሕግ ተማምኖ አይነግድም።

ነገር ግን ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ግማሽ አለ። ስመ ጥር የሆነ አምራች የዚህን ዓመት ሞዴል ጫማ ሲያወጣ፣ ብዙ ጊዜ "ከዚህ ዋጋ በታች እንዳታስተዋውቁ" የሚል ደንብ ለሁሉም ነጋዴ ያስቀምጣል። ትልቁም ትንሹም በዚያው ዋጋ ይለጥፋል። ገብታችሁ ብታወዳድሩ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። ታዲያ የትልቁ መደብር ርካሽነት ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ መደብሩ በራሱ ስም ከሚያሠራው ዕቃ። ዴካትሎን የሚሸጠው በአብዛኛው የራሱን ብራንድ ነው፤ መሃል ላይ የሚያተርፍ ሌላ ሰው የለም። አር.ኢ.አይ.ም ዲክስም የየራሳቸው ብራንድ አላቸው። ሁለተኛ፣ ካለፈው ወቅት ከተረፈ ዕቃ። ሦስተኛው አንዳንዴ የሚያጋጥም ነው፤ ያው የሚመስል ግን ለዚያ መደብር ብቻ ተብሎ የተሠራ ሞዴል አለ። ስሙ በአንዲት ፊደል ይለያል፣ ዚፑ ወይም ጨርቁ ቀለል ይላል። ሌብሉን አንብቡ ከማለት ሌላ ምክር የለኝም።

ስለዚህ አዲስ ወቅት፣ ታዋቂ ብራንድ፣ ሙሉ ዋጋ ከሆነ "ትንሹ ሱቅ ይወደዳል" የሚለው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። በዚያው ዋጋ አንዱ ጋ ምክር አለ፤ ሌላው ጋ ምክሩ እንደ ዕለቱ ሻጭ ነው።

ይህ ምክር የምለው ነገር ምን ያህል ክብደት አለው? እንደ ዕቃው ነው። የጋዝ ቆርቆሮ ለመግዛት የማንም ምክር አያስፈልግም። የውሃ ጠርሙስ፣ ገመድ ማሰሪያ፣ የድንኳን ካስማ፣ ካልሲ፣ ርካሹ ጋ ሂዱ። እዚህ ላይ ጊዜያችንን አናጥፋ።

ጫማ ግን ሌላ ነገር ነው። ጫማ መሸጫ ቤት ውስጥ እግር የሚቀመጥበት፣ ተንሸራታች ያለው ብረት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቻርልስ ብራኖክ የሚባል ሰው በ1920ዎቹ የሠራው ነው። ያ ብረት አንድ ሳይሆን ሦስት ነገር ይለካል። ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት፣ ከተረከዝ አውራ ጣት እስከሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ያለውን ርዝመት፣ ከዚያም ስፋቱን። ብዙዎቻችን የምናውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። "ቁጥሬ 42 ነው" እንላለን። ሁለት ሰዎች 42 ሆነው መገጣጠሚያቸው የተለያየ ቦታ ሊሆን ይችላል። ጫማው በተሳሳተ ቦታ ሲታጠፍ ሱቅ ውስጥ አይሰማም። ከሰዓታት ጉዞ በኋላ ውሃ ሲቋጥር ነው የሚሰማው።

ጥሩ ጫማ ለኪ ሌላም የሚያደርገው ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ኑ ይላችኋል፣ እግር እየዋለ ስለሚያብጥ። የምትጓዙበትን ካልሲ ይዛችሁ ኑ ይላችኋል። ሁለቱንም እግር ይለካል፤ አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነው። ከዚያ ተዳፋት መሰል ሳንቃ ላይ ቁልቁል ያስሄዳችኋል። ቁልቁል ስትወርዱ ጣታችሁ ጫፉን ከነካ ጫማው አጭር ነው። ሽቅብ ስትወጡ ተረከዝ ከተነሳ ሌላ ችግር አለ፤ አንዳንዴ ማሰሪያውን በሌላ አኳኋን በማሰር ብቻ ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያም በላይ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሻጩ ሌላ ደንበኛ አያስተናግድም።

የጀርባ ሻንጣም እንደዚሁ ነው። ሰው ሻንጣ የሚመርጠው በሊትር ነው። መጀመሪያ መለካት ያለበት ግን የጀርባ ርዝመት ነው። አንገታችሁን ስትደፉ ጎልቶ ከሚወጣው አጥንት ተነስቶ ዳሌ አጥንት አናት እስካለው መስመር ድረስ። በጣም ረጅም ሰው ጀርባው አጭር ሊሆን ይችላል፤ ርዝመቱ ያለው እግሩ ላይ ነዋ። መጠኑ ካልገጠመ የወገቡ ቀበቶ ዳሌ ላይ አያርፍም። አብዛኛውን ክብደት መሸከም ያለበት ዳሌ ሥራውን ትቶ ትከሻ ይሸከማል። ከዚያ በኋላ "ሻንጣው ጥሩ አይደለም" እንላለን። ሻንጣው ምን አደረገ?

ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም የመኝታ ከረጢት ላይ ያለውን ቁጥርም ላንሳ፤ ብዙ ሰው ብርድ ያስመታው እሱ ነው። ከ2005 ጀምሮ በአውሮፓ አንድ ወጥ የሙቀት መለኪያ ደረጃ አለ፤ በኋላም ዓለም አቀፍ ሆኗል። ሌብሉ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥር ታያላችሁ። የመጀመሪያው የምቾት ነው፤ የተለመደ ሴት ተዝናንታ የምትተኛበት ሙቀት ተብሎ የተቀመጠ። ሁለተኛው የመጨረሻ ወሰን ነው፤ የተለመደ ወንድ ተኮራምቶ ሳይንቀጠቀጥ የሚያድርበት። ሦስተኛው በሕይወት የመቆየት ቁጥር ነው፤ ብርድ ሰውነትን የመጉዳት አደጋ አለበት። ታዲያ በትልቁ ተጽፎ ለሽያጭ የሚውለው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ብርድ ቶሎ የሚገባት ሴት ያን ቁጥር አምና ከወጣች ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታድራለች። የሚያውቅ ሻጭ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። "ሲተኙ ይበርድዎታል ወይስ ይሞቅዎታል?" በቃ። መደርደሪያ ላይ የተሰቀለ ሌብል ይህን አይጠይቅም።

ከሁሉም ከባዱ የበረዶ ስኪ ነው። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ባይንዲንግ ስትወድቁ መልቀቅ አለበት። መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው ቁጥር የሚወጣው ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከጫማው ሶል ርዝመትና ከችሎታ ነው። ጠብቆ ከተሞላ ሲወድቁ አይለቅም፤ እግር ወይም ጉልበት ይሰበራል። ላልቶ ከተሞላ በመሃል ጉዞ ይለቃል። ስለዚህ የሚሞላው ሰው ከአምራቹ ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት የያዘ ይሆናል። ይህን ሥራ ትልቁም መደብር ትንሹም ሱቅ ሊሠራው ይችላል። ኦንላይን ያዘዛችሁት ካርቶን ግን ሊሠራው አይችልም።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ያ ሁሉ እውቀት በነፃ ይሰጣል። ወጪው የሚሸፈነው ጫማው ላይ ካለው ትርፍ ነው። በዚህ ንግድ ሱቁ ብዙውን ልብስና ጫማ የሚረከበው ከተለጠፈው ዋጋ ግማሽ ገደማ ነው። ቀሪው ግማሽ ንጹሕ ትርፍ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ላይ ኪራይ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ከስድስት ወር በፊት ታዝዞ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ አለ። አዎ፣ ከስድስት ወር በፊት። ትንሹ ሱቅ የክረምቱን ዕቃ የሚያዘው ክረምቱ ገና ሩቅ ሳለ ነው። በረዶ ካልጣለ ጃኬቱ እጁ ላይ ይቀራል። የለካችሁ ሰውዬ ደሞዙ የሚወጣው ከዚያ ከሚተርፈው ነው።

አሁን አንድ ደንበኛ ይገባል። ይለካል፣ ይጠይቃል፣ ሦስት ጫማ ይሞክራል። ቁጥሩንና ሞዴሉን ይይዛል። "ትንሽ ላስብበት" ብሎ ይወጣል። በር ላይ ሳለ ስልኩን አውጥቶ ካለፈው ወቅት የተረፈውን ቅናሽ ዋጋ ካለው ቦታ ያዛል። ሕገ ወጥ ነገር አላደረገም። ግን ምክሩን ከዚህ ወሰደ፣ ገንዘቡን እዚያ ሰጠ።

ይህ የአሁን ዘመን የስልክ ጣጣ ይመስለናል። አይደለም። ሌስተር ቴልሰር የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር በ1960 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ አስቀምጦታል። ጥያቄው፣ አንድ አምራች ነጋዴዎቹ ዋጋ እንዲቀንሱ ከመፈለግ ይልቅ እንዳይቀንሱ የሚፈልገው ለምንድን ነው የሚል ነበር። መልሱ ባጭሩ ይኸው ነው። ዕቃው ከመሸጡ በፊት ማብራሪያና ሙከራ የሚፈልግ ከሆነ፣ ማብራሪያ የሚሰጠው ነጋዴ ወጪ አለበት። የማይሰጠው ወጪ የለበትም፤ ስለዚህ በርካሽ ይሸጣል። ሰው ከመጀመሪያው ተምሮ ከሁለተኛው ይገዛል። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ማብራራቱን ያቆማል። በመጨረሻ የሚያብራራ ይጠፋል። የሚጎዳው አምራቹ ራሱም ጭምር ነው፤ ጫማው በተሳሳተ እግር ላይ ገብቶ ስሙ ይጠፋል።

ክርክሩ ወረቀት ላይ አልቀረም። በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊጂን በሚባል የቆዳ ዕቃ አምራች ጉዳይ ላይ ሲወስን ይህን መከራከሪያ ተቀበለ። ከ1911 ጀምሮ አምራች ከነጋዴ ጋር ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ መስማማቱ በቀጥታ ሕገ ወጥ ነበር። ከውሳኔው በኋላ ግን እንደየጉዳዩ ጥቅምና ጉዳቱ ተመዝኖ የሚታይ ሆነ። ዳኞቹ 5 ለ 4 ነው የተለያዩት። እኔ ከአራቱም ከአምስቱም ጎን ለመሰለፍ አልቸኩልም። የዋጋ ወለል ሸማቹን ያስከፍላል፤ ያ ግልጽ ነው። ግን ችግሩ አንዳንዴ እንደሚያጋጥም የተቃወሙት ዳኞችም አልካዱም።

ስለ መመለስም ላንሳ። ኤል.ኤል. ቢን የሚባል ሰው በ1912 በሜይን ግዛት በስሙ የሚጠራውን መደብር ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን 100 ጥንድ የአደን ጫማዎች ሸጠ። ከነሱ 90ው የላስቲኩና የቆዳው ስፌት እየለቀቀ ተመለሱ። ሰውዬው የሁሉንም ገንዘብ መልሶ፣ ተበድሮ፣ ጫማውን አሻሽሎ እንደገና ሠራ። ከዚያ በኋላ የመደብሩ ዝና "ካልተመቸህ መልስ" የሚለው ሆነ፣ ያለ ጊዜ ገደብ። ለአንድ መቶ ዓመት ገደማ ሠራ። ከዚያ ሰው ሌሎች በግቢያቸው አውጥተው ከሚሸጡት ያገለገለ ዕቃ መሃል በርካሽ የገዛውን አሮጌ ጫማ እየያዘ መምጣት ጀመረ። በ2018 መደብሩ ገደቡን አንድ ዓመት አደረገው። አር.ኢ.አይ. ከዚያ ቀድሞ በ2013 ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። አጥፊው ማን ነው ካላችሁኝ፣ እኛ ገዢዎቹ ነን ባይ ነኝ።

ትንሹ ሱቅ እንዲህ ዓይነት ዋስትና መስጠት አይችልም። ትልቁ የተመለሰውን ጫማ በሺህ ሽያጭ ያካክሰዋል፤ ትንሹ ጋ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ያፈጥበታል። ስለዚህ በቀላሉ ልትመልሱት የምትፈልጉት፣ እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ዕቃ ከሆነ ትልቁ መደብር ይሻላችኋል። ይህን በግልጽ እላለሁ።

ሌላም ለትልቁ የሚቆም ነገር አለ፤ የትንሽ ሱቅ ወዳጆች መስማት የማይወዱት። አንዳንድ ትንንሽ ሱቆች ጀማሪን ያሸማቅቃሉ። ትገባላችሁ፣ ሻጩ ከጓደኛው ጋር ስለ አንድ ገደል እያወራ ነው። ያላወቃችሁትን ቃል ይጠቀማል። "ለምን ያህል ከፍታ ነው?" ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እናንተ የምትፈልጉት ለልጆች ሽርሽር የምትሆን ድንኳን ናት። ሴት ደንበኛ ስትገባ አጠገቧ ያለውን ወንድ የሚያናግር ሻጭም አለ። ትልቅ ቁጥር፣ ሰፊ ወገብ፣ የልጅ መጠን ፍለጋ ስትገቡ "የለንም፣ ማዘዝ እንችላለን" ይሏችኋል። ትልቁ መደብር ውስጥ ማንም ማንነታችሁን አይጠይቅም። ድንኳኑ ተተክሎ ይጠብቃችኋል፤ ገብታችሁ ትተኛላችሁ፣ ትወጣላችሁ፣ ሳትገዙ ትሄዳላችሁ። ዴካትሎን ወደ ላይ ተወርውሮ በሁለት ሰከንድ የሚዘረጋውን ድንኳን ሲያወጣ፣ ድንኳን ተክሎ የማያውቅ ስንት ሰው ወደ ሜዳ እንዲወጣ ገፋፍቶ ይሆን? ይህን ቀላል ነገር ነው አልልም።

ግዙፎቹ ደግሞ ራሳቸው በነፃ የሚሰጡት ነገር አላቸው፤ ትዕይንት። ባስ ፕሮ በ2015 ሜምፊስ ላይ የከፈተው መደብር ቀድሞ የስፖርት አዳራሽ የነበረ ግዙፍ ፒራሚድ ውስጥ ነው። ውስጡ የዓሣ ኩሬ አለው፣ አዞ አለው፣ ሆቴል አለው፣ አናቱ ድረስ የሚያወጣ አሳንሰር አለው። ሰው ቤተሰቡን ይዞ ለሽርሽር ይሄዳል። ሲወጣ አንድ ኮፍያ ገዝቶ ይወጣል። ልዩነቱ ትዕይንቱን ስልክ ላይ ቀድቶ ሌላ ቦታ መሄድ አይቻልም። የጫማ ልኬትን ግን ይቻላል።

ትልቅነት ዋስትና ይመስላል፤ እሱም አይደለም። ስፖርትስ ኦቶሪቲ የሚባለው የአሜሪካ የስፖርት ዕቃ ሻጭ ከ400 በላይ መደብሮች ነበሩት። በ2016 ከሠረ፣ ሁሉም ተዘጉ። ካቤላስን ደግሞ በ2017 ባስ ፕሮ ገዛው። የካቤላስ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ሲድኒ በምትባል፣ 7 ሺህ ሰው በማይሞላባት የነብራስካ ከተማ ነው። ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሰው እዚያ ይሠራ ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች ሲዋሃዱ አብዛኛው ሥራ ጠፋ። የዓሣ ማጥመጃ በጋዜጣ ከመሸጥ ተነስቶ አንድ ከተማ ያቆመ ድርጅት፣ በአንድ የሽያጭ ውል ከተማዋን ባዶ አስቀራት። ትንሽ ሱቅ ሲዘጋ አንድ ጥግ ይጨልማል፤ ይህ ግን ሌላ ነው።

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሰውነቴ ላይ በልኬት የሚገጥም ነገር፣ ወይም ካልሠራ የሚጎዳኝ ነገር ከሆነ፣ ከሚያውቅ ሰው እገዛለሁ፤ ያ ሰው ትልቁ መደብር ውስጥም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ግዙፍ መደብሮች አሥራ አምስት ዓመት የሠሩ ምርጥ ጫማ ለኪዎች አሏቸው። ፈልጓቸው፣ ስማቸውን ያዙ። የቀረውን ርካሹ ጋ እገዛለሁ፣ ሳልጨነቅ። ጨርሶ የማላውቀውን ስፖርት ልሞክር ካሰብኩ ደግሞ ከመግዛት በፊት እከራያለሁ። ኪራይ የትንንሽ ሱቆች ጥሩ መተዳደሪያ ነው፤ ለእኔም ከስህተት ግዢ ያድነኛል።

ለባለሱቆቹ ግን አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውቀታችሁን ከጫማው ዋጋ ውስጥ መደበቅ አቁሙ። ዋጋ ለጥፉበት። "ሙሉ የእግር ልኬትና ምክር ይህን ያህል ነው፤ ጫማውን ከእኛ ከገዛችሁ ከዋጋው ይቀነሳል" ብላችሁ በሩ ላይ ጻፉ። ኦንላይን ገዝቶ ላመጣው ሰውም ለኩለት፣ አስከፍሉት፣ አትቆጡት። የስኪ ማስተካከያ፣ የድንኳን ዚፕ ጥገና፣ የጫማ ሶል መቀየር፣ እነዚህ ላይ ገንዘብ መጠየቅ ማንም አይከፋበትም፤ እንዲያውም እየተለመደ ነው። ልኬት ላይ ብቻ ነው የምታፍሩት። ደንበኛ ሊሸሸን ይችላል ትሉ ይሆናል። የሚሸሸው ድሮም የማይገዛው ነው።

እኛ ገዢዎችም ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ሰው ስለሚያፍር አይጠይቀውም። ተለክታችሁ ስታበቁ፣ ገንዘባችሁ ለጫማው ካልደረሰ፣ "ላስብበት" ብላችሁ ከመውጣት "ለልኬቱ ብቻ ስንት ልክፈል?" በሉ። አብዛኛው ሻጭ ግር ይለዋል። ግማሹ "ኧረ ምንም አይደል" ይላችኋል። ያኔ ሁለት ጥንድ ካልሲ አንሱና ክፈሉ።

የእኔ ይኸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩ እዚያ ጋ አለ። ጫማ ይዤ መጥቻለሁ ላላችሁት ሁለት እንግዶች ደግሞ፣ በኋላ ከመድረኩ ጀርባ አያለሁ፤ ካልሲውን ግን ይዛችሁ መሆን አለበት።